ለሱስ ጥናት የሚሆን የደም ማይክሮ አር ኤን ኤ ማውጫ፦ የሚርኒዚ ሴረም/ፕላዝማ ኪት ግምገማ

የኪያጅን ኩባንያ ሚርኒዚ ሴረም/ፕላዝማ ኪት ከ200 ማይክሮሊትር ፕላዝማ (ሕዋሱ ከተለየለት የደም ፈሳሽ) ላይ ማይክሮ አር ኤን ኤ ለማውጣት የተሠራ ነው። ሳጥኑ የ50 ናሙና ነው። ሥራውን በሚገባ ይሠራል፤ የአልኮል፣ የኮኬይን ወይም የኦፒዮይድ ሱስን በደም ለማጥናት ለሚነሳ ቤተ ሙከራም ይገዛ እንላለን። ነገር ግን ኪቱ የሚያወጣው ቱቦው ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። የሱስ ታካሚ ደም ደግሞ ገና ሳጥኑ ሳይከፈት የሚበላሽበት መንገድ ብዙ ነው።

በመጀመሪያ ምን እንደሚፈለግ እናስታውስ። ማይክሮ አር ኤን ኤ 22 ገደማ ኑክሊዮታይድ ብቻ ያለው አጭር ክር ነው፤ ከመልእክተኛ አር ኤን ኤ ጋር ተጣብቆ ፕሮቲን እንዳይመረት ያግዳል። በ2008 የወጣ ጥናት አልኮል በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ሚር-9 የተባለውን ማይክሮ አር ኤን ኤ («ሚር» የማይክሮ አር ኤን ኤ አጭር መጠሪያ ነው) በፍጥነት እንደሚጨምርና ቢኬ የተባለውን የፖታሲየም መተላለፊያ እንደሚለውጥ አሳየ፤ ሕዋሱ አልኮልን እየለመደ የሚሄድበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። በ2010 የፖል ኬኒ ቡድን በየቀኑ ለረጅም ሰዓት ኮኬይን ያገኙ አይጦች ስትሪያተም በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ሚር-212 እንደሚጨምር፣ እሱን ሆን ብሎ ማብዛትም አይጦቹ የሚወስዱትን ኮኬይን እንደሚቀንስ አሳየ። ሁለቱም ግኝቶች የአንጎል ናቸው። ሚር-9 እና ሌላው የአንጎል ማይክሮ አር ኤን ኤ ሚር-124 በፕላዝማ ውስጥ እጅግ ጥቂት ስለሆኑ ብዙ ጊዜ በፒሲአር (በየዑደቱ እያባዛ በሚለካው ዘዴ፤ ያነሰ ነገር ዘግይቶ ይታያል) ከ35ኛው ዑደት በኋላ ነው የሚታዩት፤ እዚያ ደረጃ ላይ ያለ ልዩነት አያስተማምንም። ይህ የኪቱ ጉድለት አይደለም። እንዲያውም በመጨረሻ አር ኤን ኤውን የሚያወጣው በ14 ማይክሮሊትር ውሃ ብቻ መሆኑ ጥቂቱን ነገር ስለማያቀጥነው ለዚህ ሥራ ትልቁ ብልጫው ነው።

አሠራሩ ረጅም አይደለም። 200 ማይክሮሊትር ፕላዝማ ላይ 1 ሚሊሊትር ኪያዞል (ፕሮቲኑን የሚሰብረው የኪቱ ፈሳሽ) ተጨምሮ በደንብ ይደባለቃል፤ በክፍል ሙቀት 5 ደቂቃ ይቀመጣል። ከዚያ መቆጣጠሪያው፣ ማለትም ሲ. ኤለጋንስ ከተባለው ትል የተወሰደው የሚር-39 ቅጂ፣ 3.5 ማይክሮሊትር ይጨመራል። 200 ማይክሮሊትር ክሎሮፎርም ገብቶ ለ15 ሰከንድ በኃይል ይነቀነቃል፤ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ቆይቶ በ12,000 ጂ፣ በ4 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ይሽከረከራል። ላይኛው ውሃማ ንብርብር 600 ማይክሮሊትር ገደማ ነው። በእሱ ላይ 900 ማይክሮሊትር ንጹሕ ኤታኖል ይጨመርና 700 ማይክሮሊትር እየተደረገ በኮለሙ (አር ኤን ኤውን በሚይዝ ሽፋን በተሠራው ትንሽ ቱቦ) እንዲያልፍ ይደረጋል። ቀጥሎ ኮለሙ ይታጠባል፦ 700 ማይክሮሊትር አር ደብሊው ቲ፣ 500 አር ፒ ኢ (ሁለቱ የኪቱ ማጠቢያዎች)፣ 500 ደግሞ 80 ፐርሰንት ኤታኖል። ኮለሙ ክዳኑ ተከፍቶ በሙሉ ፍጥነት 5 ደቂቃ ይደርቃል፤ በመጨረሻ 14 ማይክሮሊትር ውሃ መሃል ሽፋኑ ላይ ይንጠባጠብና 1 ደቂቃ ይሽከረከራል። የሚገኘው 12 ማይክሮሊትር ነው፤ 2ቱ ኮለሙ ውስጥ ይቀራል።

ስህተት የሚበዛው አራት ቦታ ላይ ነው። ሚር-39ን ኪያዞል ከመግባቱ በፊት ፕላዝማው ላይ የሚጨምር ሰው ከባዶ ቱቦ ጋር እንደሚሠራ ይቁጠረው፤ አር ኤን ኤ የሚቆራርጠው የፕላዝማው ኢንዛይም፣ አር ኤን ኤዝ፣ ወዲያው ይበላዋል። ውሃማውን ንብርብር እስከ መጨረሻ ጠብታ ለመቅዳት መስገብገብ ነጩን መካከለኛ ንብርብር ይዞ ይመጣል፤ ፌኖልና ፕሮቲን ገብተው ፒሲአሩን ያዳክሙታል፣ ስለዚህ 50 ማይክሮሊትር መተው ይሻላል፤ ዋናው ነገር ከሁሉም ናሙና እኩል መቅዳት ነው። የአር ደብሊው ቲና የአር ፒ ኢ ጠርሙሶች ሲመጡ ኤታኖል የላቸውም፤ ሳይጨመርባቸው ከተሠራ አር ኤን ኤው ታጥቦ ይሄዳል፤ ጠርሙሱ ላይ ምልክት ማድረግ የግድ ነው። አራተኛው የማድረቂያው 5 ደቂቃ ነው፤ ሲያጥር ኤታኖሉ ይቀርና ቀጣዩን ምላሽ ይገታል።

ደህንነትንም አንዘንጋ። ኪያዞል ፌኖልና ጓኒዲን አለው፤ ሥራው በጭስ መሳቢያ ውስጥ፣ በጓንት ነው። የፈሰሰውን በበረኪና መጥረግ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ በፍጹም አይደረግም።

አሁን ወደ ደሙ። ደሙ የሚቀዳው ሐምራዊ ክዳን ባለው የኢዲቲኤ ቱቦ ነው፤ ኢዲቲኤም ሄፓሪንም ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው። አረንጓዴው የሄፓሪን ቱቦ አይሆንም፤ ሄፓሪን ከአር ኤን ኤው ጋር አብሮ ወጥቶ ፒሲአሩን ያግዳል፣ ውጤቱም በሽተኛው ማይክሮ አር ኤን ኤ ያነሰው ያስመስላል። ታካሚዎች በሄፓሪን፣ ጤነኞች በኢዲቲኤ የተቀዱበት ጥናት ከነጭራሹ አይተነተንም። ቱቦው በቀስታ 8 ጊዜ ያህል ይገለበጣል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ይሽከረከራል፤ ፕላዝማው ወደ ሌላ ቱቦ ተዛውሮ ከመቀዝቀዙ በፊት በከፍተኛ ፍጥነት እንደገና ይሽከረከራል። ሁለተኛው ዙር ከተዘለለ የቀሩት ፕሌትሌቶች (ደም የሚያረጉት ቅንጣቶች) ሲቀዘቅዙና ሲቀልጡ ይፈነዳሉ፤ ሚር-223 እና ሚር-126ን ይረጫሉ።

ከሁሉ የሚከፋው የቀይ ደም ሕዋስ መፈንዳት ነው። በመርፌ አደንዛዥ ዕፅ ሲወስዱ የኖሩ ሰዎች ደም ሥራቸው የተጎዳ በመሆኑ መርፌው ደጋግሞ ይገባል፤ ደሙ በሲሪንጅ በኃይል ይሳባል፤ ሕዋሱ ይፈነዳል። ልምድ ያለው ሰው እንዲቀዳላቸው ማድረግ ለእነሱም ለጥናቱም ይበጃል። ፍተሻው ሁለት ነው፦ የፕላዝማው ብርሃን መምጠጥ በ414 ናኖሜትር ከ0.2 ካለፈ ይጠረጠራል፤ በፒሲአር ደግሞ ከሚር-23ኤ የዑደት ቁጥር ላይ የሚር-451ኤ ሲቀነስ ከ7 በላይ ከሆነ ናሙናው ይጣላል። ብዙዎች እንደ ማነጻጸሪያ የሚወስዱት ሚር-16 ራሱ በቀይ ሕዋስ ውስጥ የበዛ ስለሆነ በሱስ ጥናት ውስጥ አንመክረውም። ለረጅም ጊዜ አብዝተው የሚጠጡ ሰዎች ቀይ ሕዋሳቸው ይተልቃል፤ ማነጻጸሪያው ከበሽታው ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ምን ይለካል?

ሚር-122ም በተመሳሳይ ምክንያት ያሳስታል። በጠጪ ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ሲገኝ «የአልኮል ሱስ ምልክት» ተብሎ ቢጻፍ ያጓጓል፤ ሚር-122 ግን የጉበት ነው፤ የሚናገረውም ስለ ጉበት ጉዳት ነው። የጉበት ኢንዛይም ምርመራ ከናሙናው ጋር አብሮ ይወሰድ። ማጨስም እንዲሁ ይመዝገብ፤ አልኮል ላይ ጥገኛ ከሆኑት ብዙዎቹ ያጨሳሉና የማያጨሱ ጤነኞችን ማነጻጸሪያ ማድረግ ሁለቱን ያደባልቃል።

የወጣውን አር ኤን ኤ ናኖድሮፕ በተባለው የብርሃን መለኪያ መለካት ጊዜ ማጥፋት ነው፤ መጠኑ ከመሣሪያው አቅም በታች ነው። ከእያንዳንዱ ናሙና እኩል ማይክሮሊትር ወስዶ መሥራት ይሻላል። ሥራው አር ኤን ኤውን ወደ ዲ ኤን ኤ በሚገለብጠው የታክማን ማይክሮ አር ኤን ኤ ኪት ከሆነ 15 ማይክሮሊትር ምላሽ ውስጥ 5ቱ አር ኤን ኤ፣ 3ቱ ፕራይመር፣ 7ቱ ቅልቅሉ ነው፤ 16 ዲግሪ 30 ደቂቃ፣ 42 ዲግሪ 30 ደቂቃ፣ 85 ዲግሪ 5 ደቂቃ። እያንዳንዱ ማይክሮ አር ኤን ኤ የራሱን ምላሽ ስለሚፈልግ 12 ማይክሮሊትር ማለት እንግዲህ ለሁለት ማይክሮ አር ኤን ኤ ብቻ ነው። ብዙ ዓይነት ለመለካት ያሰበ ሁሉንም በአንድ ምላሽ የሚገለብጥ ዘዴ ከወዲሁ ይምረጥ።

ለአይጥ አንጎል ይህ ኪት አይደለም፤ ኑክሊየስ አኩምበንስ ከተባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል ለሚቆረጡ ጥቂት ሚሊግራሞች ሚርኒዚ ማይክሮ አለ። ፌኖል የሚያስቸግረው ቤተ ሙከራ ደግሞ ያለ ፌኖል የሚሠራውን አድቫንስድ ኪት ይይ።

ኮለሞቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለባቸው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ አንደኛው ጭንቀት ነው። ማረፊያ ነጥብ ግን አለው፦ ኪያዞል የገባበት ፕላዝማ በ70 ዲግሪ ከዜሮ በታች ወራት ይቆያል፤ ስለዚህ ታካሚው በመጣበት ቀን እዚያ ድረስ ሠርቶ፣ ታካሚዎችንና ጤነኞችን አሰባጥሮ በአንድ ቀን ማውጣት ይቻላል። ክሎሮፎርም፣ ኤታኖልና የሚር-39 መቆጣጠሪያው ሳጥኑ ውስጥ የሉም፤ ከኪቱ ጋር አብረው ይታዘዙ።