የመርፊ ሰማያዊ የሰዋስው መጽሐፍ፦ ለ«ሁ» እና ለ«ኢፍ» ምን ያህል ይበቃል?

የሬይመንድ መርፊ «ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩዝ» በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ መታተም የጀመረው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ የምንመዝነው በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣውን አምስተኛ እትም ነው። 145 ዩኒቶች አሉት፤ ሁሉንም አንዳስስም። የምናየው አማርኛ ተናጋሪ ደጋግሞ የሚሰናከልባቸውን ሁለት ቦታዎች ነው፦ ስለ ሰው የሚነገሩትን ሬላቲቭ ክሎዞች (እንደ «ያየሁት ሐኪም» ስምን የሚገልጹ፣ በእንግሊዝኛ በ«ሁ» የሚያያዙ ሐረጎች፤ ዩኒት 92–96) እና ኮንዲሽናልን (በ«ኢፍ» የሚነገሩ የ«ከሆነ» እና የ«ቢሆን» ዐረፍተ ነገሮች፤ ዩኒት 38–40)። ኮንዲሽናልን ለብቻው ለሚያጠና ሰው መጽሐፉ ይበቃል። ሬላቲቭ ክሎዝ ላይ ግን ተማሪው ከራሱ ካልጨመረበት ይጎድለዋል።

አሠራሩ የታወቀ ነው። በግራ ገጽ ማብራሪያ፣ በቀኝ ገጽ መልመጃ፤ አንድ ዩኒት ከሁለት ገጽ አያልፍም። ደረጃው መካከለኛ ስለሆነ ገና ጀማሪ የሆነ ሰው ከዚሁ ደራሲ ቀዩን የጀማሪዎች መጽሐፍ («ኢሴንሻል ግራመር ኢን ዩዝ») ቢያስቀድም ይሻለዋል።

ከሬላቲቭ ክሎዝ እንጀምር፤ ችግሩ ያለው እዚያ ነውና። ዩኒት 92 «ሁ» ለሰው፣ «ዊች» ለነገር፣ «ዛት» ለሁለቱም እንደሚሆን፣ «ሁ» ደግሞ የ«ሂ»፣ የ«ሺ» ወይም የ«ዜይ»ን ቦታ እንደሚይዝ ያስረዳል። ማብራሪያው አጭርና ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን የተጻፈው ለአማርኛ ተናጋሪ ስላልሆነ የእኛ ስሕተት ከየት እንደሚመጣ አይነግረንም። በአማርኛ «ያየሁት ሐኪም» ስንል ግሡ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ሐኪሙን ታመለክታለች። ያንን ልማድ ይዘን ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር «ዘ ዶክተር ሁ አይ ሶው ሂም» ብለን እንጽፋለን። «ሂም» ትርፍ ነው፤ ሥራውን «ሁ» አስቀድሞ ሠርቶታል። ትክክሉ «ዘ ዶክተር ሁ አይ ሶው» ነው። ይህን ስሕተት ለመያዝ ከ«ሁ» በኋላ ያለውን ክፍል ብቻውን ማንበብ ይጠቅማል። ብቻውን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሆኖ ከቆመ («አይ ሶው ሂም») አንድ ትርፍ ቃል አለ ማለት ነው።

ዩኒት 93 «ሁ»ን መቼ መጣል እንደሚቻል ያስተምራል፤ ከአምስቱ ዩኒቶች የላቀው እሱ ነው ብንል አናጋንንም። ደንቡን በቃል ለመያዝ ከ«ሁ» ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ማየት ይበቃል። ቀጥሎ ግሥ ከመጣ «ሁ» አይጣልም፤ «ዘ ማን ሁ ኮልድ ሚ ኢዝ ሂር» ከሚለው ላይ «ሁ»ን ብናነሣ ዐረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። ቀጥሎ «አይ»፣ «ሺ» ወይም የሰው ስም ከመጣ ግን መጣል ይቻላል፦ «ዘ ማን አይ ኮልድ ኢዝ ሂር»። የመጀመሪያው «የደወለልኝ ሰው»፣ ሁለተኛው «የደወልኩለት ሰው» ነው። እንዲህ ወደ አማርኛ መልሶ ማየት የመጽሐፉን መልመጃ ዋጋ በእጥፍ ይጨምረዋል።

እዚሁ ዩኒት ላይ መስተዋድድም ይነሣል፤ ብዙ ተማሪ ግን አንብቦ ያልፈዋል። «ያነጋገርኳት ሴት» ለማለት «ዘ ዉማን አይ ስፖክ ቱ» ያስፈልጋል። በአማርኛው ለ«ቱ» የሚቆም የተለየ ቃል ስለሌለ መጨረሻ ላይ ትረሳለች። የመልመጃውን መልስ ስታርሙ የጎደለ መስተዋድድን እንደ ሙሉ ስሕተት ቁጠሩት።

«ሁዝ»፣ «ሁም» እና «ዌር» ዩኒት 94 ላይ አንድ ላይ ታጭቀዋል። ይህ የመጽሐፉ ድክመት ነው። «ሁዝ» ብቻውን ሁለት ገጽ ይገባው ነበር። «መኪናው የተሰረቀበት ሰው» የሚለው «ዘ ማን ሁዝ ካር ዋዝ ስቶለን» መሆን ሲገባው «ሁ ሂዝ ካር» ተብሎ ይጻፋል። ሌላው ጣጣ የጽሕፈት ነው፤ የባለቤትነቱ «ሁዝ» እና አፖስትሮፊ ያለበት የ«ሁ ኢዝ» አጭር መልክ ሲነገሩ አንድ ናቸው። ሲያጠራጥራችሁ በቦታው «ሁ ኢዝ» ወይም «ሁ ሃዝ» አስገቡበት፤ ትርጉም ከሰጠ አፖስትሮፊው ይኖራል፣ ካልሰጠ አይኖርም። «ሁም» ላይ ብዙ አትድከሙ፤ በንግግር «ሁ» ይተካዋል፣ ከመስተዋድድ በኋላ («ቱ ሁም») ግን ግድ ነው።

ዩኒት 95 እና 96 ስለ ኮማ ናቸው። «ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ አብሮድ» ያለ ኮማ ሲጻፍ ከአንድ በላይ ወንድም እንዳለ ይጠቁማል፤ በሁለት ኮማ ከታጠረ ግን ወንድሙ አንድ ነው፣ ውጭ መኖሩም ተጨማሪ ወሬ ብቻ ነው። አማርኛ «ውጭ የሚኖረው ወንድሜ» ሲል ሁለቱንም በአንድ መልክ ስለሚይዝ ይህ ልዩነት ለዓይናችን እንግዳ ነው። ኮማ ከገባ ደግሞ «ዛት» አይሆንም፤ «ሁ»ም አይጣልም።

ትልቁን ቅሬታችንን እዚህ ላይ እናስፍር። በመጽሐፉ መጨረሻ በርካታ ዩኒቶችን የሚያቀላቅሉ ተጨማሪ መልመጃዎች አሉ። ለኮንዲሽናል የተመደበ አለ፤ ለሬላቲቭ ክሎዝ ግን የለም። ስለዚህ ተማሪው ዩኒት 92ን ሲሠራ መልሱ ከዩኒት 92 እንደሚወጣ አስቀድሞ ያውቃል፤ «ሁ» ነው ወይስ «ሁዝ»፣ ይጣላል ወይስ አይጣልም ብሎ የሚመርጥበት አጋጣሚ አያገኝም። መፍትሔው በእጅ ያለ ነው። ከአምስቱ ዩኒቶች አራት አራት ጥያቄ በትናንሽ ወረቀት ገልብጡ፣ ሃያውን ቀላቅሉ፣ ከሳምንት በኋላ ሥሩ።

ወደ ኮንዲሽናል ስንመጣ መጀመሪያ አንድ ማሳሰቢያ፦ ማውጫው ላይ «ፈርስት ኮንዲሽናል»፣ «ሰከንድ ኮንዲሽናል» የሚል ርዕስ አትፈልጉ። መርፊ በቅርጻቸው ነው የሚጠራቸው፤ ዩኒት 38 «ኢፍ አይ ዱ» እና «ኢፍ አይ ዲድ» ይላል። ይህ አጠራር ጥሩ ነው፤ ተማሪው ቁጥር ሳይሆን ግሥ ይዞ ይወጣል። ከ38 በፊት ግን ዩኒት 25ን ሥሩ። ከ«ኢፍ» እና ከ«ዌን» በኋላ ስለ ወደፊት እየተናገርን «ዊል» እንደማናስገባ የተብራራው እዚያ ነው።

አማርኛችን ሦስት መልክ ይሰጠናል፤ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው መጽሐፉ ይገባችኋል። «ከመጣ እነግረዋለሁ» «ኢፍ ሂ ካምስ፣ አይ ዊል ቴል ሂም» ነው። «ከመጣ» ውስጥ ያለው «መጣ» ያለፈ መልክ ስላለው ብዙዎች «ኢፍ ሂ ኬም፣ አይ ዊል ቴል» ይላሉ፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። «ቢመጣ እነግረው ነበር» የሚለው፣ የመምጣቱ ነገር ተስፋ ሳይኖረው ሲነገር፣ «ኢፍ ሂ ኬም፣ አይ ዉድ ቴል ሂም» ይሆናል። «ቢመጣ ኖሮ እነግረው ነበር» ደግሞ «ኢፍ ሂ ሃድ ካም፣ አይ ዉድ ሃቭ ቶልድ ሂም» ነው።

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ልብ በሉ። ውጤቱ በአማርኛ በሁለቱም «እነግረው ነበር» ነው። እንግሊዝኛው ግን አንዱን «ዉድ ቴል»፣ ሌላውን «ዉድ ሃቭ ቶልድ» ይለዋል። «ዉድ» እና «ዉድ ሃቭ» የሚምታቱብን ለዚህ ነው። ስለዚህ «ነበር»ን አትመኑ፤ «ነገሩ አልፎ ተዘግቷል ወይስ ገና ሊሆን ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከተዘጋ ዩኒት 40፣ ካልተዘጋ 38 ወይም 39። መጽሐፉ ሦስቱን ተራ በተራ አስተካክሎ ይወስዳችኋል፤ ያለፈ ምክንያት የዛሬ ውጤት ሲያመጣ የሚሆነውንም ዩኒት 40 ላይ በአጭሩ ይነካዋል።

ሁለት ወጥመዶች ይቀራሉ። አንዱ «ዉድ»ን «ኢፍ» ባለበት ጎን መክተት ነው፤ በእነዚህ ቅርጾች ቦታው ውጤቱ ጎን ነው። ሌላው ከአፖስትሮፊ ጋር የሚጻፈው «ዲ» ነው፤ «ሃድ»ም «ዉድ»ም ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ያለው ግሥ ይፈታዋል፦ መነሻ ቅርጽ ከሆነ «ዉድ»፣ ሦስተኛው ቅርጽ ከሆነ «ሃድ»። እንደ «ካም» እና «ፑት» ያሉት መነሻቸውና ሦስተኛ ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ እዚያ ላይ «ኢፍ» የትኛው ጎን እንዳለ ማየት ነው። «አንለስ» («ካልሆነ በቀር») ዩኒት 115 ላይ አለ፤ በውስጡ አሉታ ስላለ ሌላ «ኖት» አትጨምሩበት።

አንዱን ዩኒት በአንድ ቀን፣ በእርሳስ፣ የግራውን ገጽ በወረቀት ሸፍናችሁ ሥሩ። ስታርሙ ስንት እንዳገኛችሁ ከመቁጠር ይልቅ ከእያንዳንዱ ስሕተት ጎን ምክንያቱን በአንድ ቃል ጻፉ፦ «ትርፍ ሂም»፣ «ቱ ጎደለ»፣ «ዉድ ኢፍ ጎን»። በሦስተኛው ዩኒት ላይ ያው ቃል ከተደጋገመ ወደፊት አትሂዱ፤ ወደ ተነሳበት ዩኒት ተመለሱ።

ስትገዙ ሽፋኑ ላይ «ዊዝ አንሰርስ» መባሉን አረጋግጡ፤ መልስ የሌለው እትምም አለና ብቻውን ለሚያጠና ሰው አይሆንም። ያገለገለ ከሆነ ዩኒት 38–40 እና 92–96 የቀኝ ገጾቻቸውን ገልጣችሁ እዩ። በእስክሪብቶ ተሞልተው ከሆነ ዋናውን ነገር አጥተዋልና ሌላ ቅጂ ፈልጉ።