ዲቲ 830ቢ ቴስተር፦ ለምን ትበቃለች፣ ለምን አትበቃም?

በየኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቁ የምትሸጠው ትንሿ ዲቲ 830ቢ ቴስተር (የቮልት፣ የአምፔርና የኦም መለኪያ) ለባትሪ፣ ለፊውዝና ለሬዚስተር ፍተሻ ዋጋዋን ታወጣለች። ለ220 ቮልት መስመር ግን አልመክራትም። ጣጣው ያለው 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፊውዝ የለውም። ቀዩን ፕሮብ (የመለኪያ ሽቦ) እዚያ ቀዳዳ ላይ ረስቶ ሶኬት የሚለካ ሰው መስመሩን በቀጥታ ሾርት ያደርገዋል፤ ብልጭታው የሚፈነዳው እጁ ላይ ነው።

የኤሲ (እንደ ቤት መስመር ያለ ተለዋጭ ኤሌክትሪክ) አምፔር አትለካም፤ የሞተር ጭነት ለማወቅ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካ) ግዙ። መስመሩ ሲገናኝ የሚጮህ ድምፅም ስለሌላት የተቆረጠ ሽቦ ስትፈልጉ ዓይናችሁ ከስክሪኑ አይነሳም፣ ይህ ያሰለቻል።

የራሷ 9 ቮልት ባትሪ ሲደክም ደግሞ ንባቧ ወደ ላይ ይሸሻል። ሞተሩ ጠፍቶ የቆየ መኪና ባትሪ ከሚጠበቀው በላይ የሆነ 14 ቮልት ካሳየች መጀመሪያ የእሷን ባትሪ ቀይሩ። በ200 ኦም ክልል ስትለኩ ሁለቱን ፕሮቦች አነካክታችሁ የሚወጣውን ቁጥር (የሽቦዎቹን የራሳቸውን ኦም) ከንባቡ ቀንሱ።