አሱስ ፕሮአርት ፒኤ248ኪውቪ በደሴ ፎቶ ቤት፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ስክሪን ላይ ፍክት ብሎ የታየ ፎቶ ታጥቦ ሲመጣ ከጠቆረ ጣት የሚቀሰረው ማጠቢያ ማሽኑ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የሞኒተሩ ብራይትነስ ነው። አዲስ ሞኒተር ሲከፈት ብርሃኑ በጣም ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ኤዲተሩ በዚያ ላይ ጥላው በደንብ ስለሚታየው ሳይነካው ያልፋል። ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውም። ስለዚህ ስለ ፒኤ248ኪውቪ ሞኒተር የሚባለው ሁሉ የሚሠራው በትክክል ለተስተካከለው ነው፤ ከካርቶን አውጥቶ ለሚጠቀም ሰው ከተራው የቢሮ ሞኒተር ብዙም አይሻለውም።

ፒኤ248ኪውቪ 24.1 ኢንች አይፒኤስ (ከጎን ሲታይም ከለሩ የማይቀየር የስክሪን ዓይነት) ነው። 1920 በ1200 ፒክስል አለው፣ ኤስአርጂቢ የሚባለውን የተለመደ የከለር ክልል 100 በመቶ ይሸፍናል፣ የከለር ስህተቱ በዴልታ ኢ መለኪያ ከ2 በታች እንዲሆን ፋብሪካ ውስጥ ተስተካክሎ ይወጣል። ዋጋውን እዚህ ብንጽፍ ዛሬ ተነቦ ነገ ያረጃል። ቁመቱ 1200 መሆኑ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከካሜራ የወጣ 3 ለ2 ፎቶ በተለመደው 1080 ላይ 1620 ፒክስል ብቻ ሲሰፋ እዚህ 1800 ድረስ ይሄዳል። ለቁም ፎቶ ስክሪኑን 90 ዲግሪ ማዞር ይቻላል፣ አይፒኤስ ስለሆነም ዞሮ ከለሩ አይቀየርም። በኢንች ወደ 94 ፒክስል ስለሚይዝ ደግሞ በ300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) የሚታተም ፎቶ በ31 በመቶ ዙም ሲታይ ወረቀቱ ላይ የሚኖረውን ልክ ይይዛል። የፊት ማለስለስ በዝቶ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ልክ እንጂ በ200 በመቶ አይደለም።

ሻጭ «ይሄኛው አዶቤ አርጂቢ ይይዛል» (ከኤስአርጂቢ የሰፋ የከለር ክልል ነው) ብሎ ወደ ውዱ ሊወስድዎት ይችላል። ለሰርግና ለልደት ሥራ አያስፈልግም። ማጠቢያ ማሽኖች በአብዛኛው የሚጠብቁት የኤስአርጂቢ ፋይል ነው፤ ደንበኛው በቴሌግራም የሚላክለትም ቢሆን በኤስአርጂቢ ቢሆን ነው የሚሻለው። ሰፊ ከለር ያለው ሞኒተር ላይ የከለር ፕሮፋይል የማያነብ ፕሮግራም ሲከፈት ፊት ሁሉ ቀይ ይሆናል። ኤዲተሩ ያንን አይቶ ቀዩን ሲቀንስ የታጠበው ፎቶ አመዳም ይሆናል። የተረፈው ብር ካሊብሬተር (የስክሪኑን ከለርና ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ላይ ቢውል ይበልጣል። መሣሪያው በወር አንዴ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ስለሚፈለግ ሦስት አራት ፎቶ ቤቶች አዋጥተው ገዝተው በተራ ሊይዙት ይችላሉ፤ ዕቁብ ለሚጥል ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም።

አስተካከሉ እንዲህ ነው። ሞኒተሩ በርቶ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆይ፤ በደሴ የጠዋት ብርድ 45 ቢሆንም አይበዛም፣ የጀርባ መብራቱ ሳይሞቅ የተወሰደ ልኬት በኋላ ይስታል። ከሜኑው ውስጥ ዳይናሚክ ኮንትራስትና የሰማያዊ ብርሃን ማጣሪያውን ያጥፉ፣ ዊንዶውስ ላይ ያለውን ናይት ላይትም እንዲሁ። ነጩን 6500 ኬልቪን፣ ጋማውን 2.2 ያድርጉ። ከዚያ ብራይትነሱን መለኪያው ከ100 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር እስኪያሳይ ዝቅ ያድርጉ። የሞኒተሩ ጣሪያ 300 ስለሆነ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ መጀመሪያ የጨለመ ይመስላል፣ ዓይን ግን ቶሎ ይለምዳል። የቀረውን ዲስፕሌይካል የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይጨርሰዋል። የሚወጣው ፕሮፋይል የዚያ ሞኒተር ብቻ ነው፤ ጓደኛዎ ሞዴሉ አንድ ስለሆነ ብቻ ቢገለብጠው ልክ አይመጣለትም።

መሣሪያ ከሌለ ቢያንስ ብርሃኑን ማስተካከል ይቻላል። በደንብ የታጠበ ፎቶ ከሞኒተሩ አጠገብ በ5000 ኬልቪን አምፖል ስር ያስቀምጡ፣ የዚያኑ ፎቶ ፋይል ይክፈቱ፣ ሁለቱ እኩል እስኪበሩ ብራይትነሱን ይቀንሱ። ከለሩን አያስተካክልም፤ «ፎቶው ጠቆረ» የሚለውን ክርክር ግን አብዛኛውን ይዘጋዋል።

ገመድ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ቪጂኤውን ይርሱት። ዲስፕሌይፖርት ካለ እሱን ይጠቀሙ፤ ኤችዲኤምአይ ከሆነ አንዳንድ ኮምፒውተር ሞኒተሩን ቴሌቪዥን ነው ብሎ ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ያለውን የብርሃን ቁጥር በመላክ ፈንታ ከ16 እስከ 235 ያለውን ብቻ ይልካል። ያኔ የሙሽራው ጥቁር ካባ ግራጫ ይሆናል። ኤዲተሩ ጥቁሩን ሲያጠልቅ በወረቀት ላይ የካባው እጥፋት ሁሉ አንድ ጥቁር ጨርቅ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው በግራፊክስ ካርዱ ሴቲንግ ውስጥ ፉል አርጂቢ የሚለውን መምረጥ ነው።

የዚህ ሞኒተር ጥቅም በደንብ የሚታየው ነጠላ ላይ ነው። ባዶ ገጽ ላይ የብርሃን ቁጥራቸው 245፣ 250 እና 255 የሆኑ ሦስት ካሬዎች ጎን ለጎን ይሳሉ፤ ሦስቱ ተለይተው መታየት አለባቸው። ኮንትራስቱን ከመጣበት ከፍ ካደረጉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይቀላቀላሉ፣ በፎቶው ላይም የነጠላው ሽመና ይጠፋል። የነጠላው ብሩህ ቦታ 250 አካባቢ ቢያርፍ ክሩ በህትመት ላይ ይተርፋል፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ሦስቱም ቁጥር 255 ከሆነ ወረቀቱ ላይ ምንም ቀለም አያርፍም። ደማቅ ቀይ ጥበብ ሌላ ጣጣ አለው። ቀዩ ቻናል 255 ደርሶ ይቆምና ክር ከክር አይለይም። ይሄ የሞኒተሩ ጉድለት ሳይሆን የኤስአርጂቢ ወሰን ነው። የፎቶውን ጠቅላላ ብርሃን ሳይነኩ የቀዩን ሳቹሬሽን ብቻ ትንሽ ትንሽ እየቀነሱ ክሩ ሲመለስ ያቁሙ። ቆዳ ላይ ደግሞ ጠቋሚውን ያሳርፉና ቁጥሮቹን ያንብቡ፤ በትክክለኛ ፎቶ ቀዩ ከአረንጓዴው፣ አረንጓዴው ከሰማያዊው ይበልጣል። አረንጓዴው ቀዩን ከተጠጋ አዳራሹ ውስጥ የነበረው አምፖል ነው፣ ሞኒተሩን አይንኩት።

ክፍሉ የሞኒተሩን ያህል ይወስናል። ከወገብ በታች አረንጓዴ ዘይት ቀለም የተቀባ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ዓይን አረንጓዴውን ለምዶ ፎቶውን ወደ ሮዝ ይገፋዋል። ከሞኒተሩ ጀርባ ግራጫ ጨርቅ ይስቀሉ፣ መስኮቱ ከጎን ይሁን እንጂ ከፊትም ከኋላም አይሁን። ከጦሳ ተራራ በኩል ጭጋግ ሲወርድና ሲገለጥ የክፍሉ ብርሃን በደቂቃ ውስጥ ስለሚለዋወጥ መጋረጃ ዘግቶ በአንድ አምፖል መሥራት ይሻላል።

መብራትን በተመለከተ፦ ሞኒተሩ ራሱ ብዙ አይበላም፣ 650 ቪኤ ዩፒኤስ እሱንና ላፕቶፑን ፋይል ሴቭ እስኪደረግ ይዞ ይቆያል። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ሊዘል ስለሚችል በስቴብላይዘር ማሳለፍ ግድ ነው። ጠፍቶ ከቆየ ደግሞ ከለር ከመንካትዎ በፊት እንደገና ይሙቅ። በላፕቶፑ ስክሪን ልቀጥል ማለት አያዋጣም፤ በባትሪ ሲሆን ኃይል ለመቆጠብ ብርሃኑንና ኮንትራስቱን በራሱ ጊዜ ይቀያይራል።

የማይወደደውስ? ኮንትራስቱ 1000 ለ1 ስለሆነ በጨለማ ክፍል ጥቁሩ ጥቁር አይደለም፣ ማዕዘኖቹም ላይ የአይፒኤስ ወገግታ አለ። ስለዚህ የሌሊት ፎቶ ጥላ የሚዳኘው ፎቶውን ወደ ስክሪኑ መሃል አምጥቶ ነው። ስፒከሩ አለ ለማለት ያህል ነው። 4ኬ ቪዲዮ ዋና ሥራው የሆነ ሰው ሌላ ይፈልግ። ኮምቦልቻ ላይ አቧራው ስለሚበዛ ስክሪኑ ቶሎ ይሸፈናል፤ በማይክሮፋይበርና በትንሽ የተጣራ ውሃ ይጸዳል፣ አልኮልና የመስታወት ማጽጃ የላይኛውን ሽፋን ይበላዋል። በነጠላ ጫፍ ወይም በሶፍት መጥረግ ቀስ በቀስ ይጭረዋል።

ሲገዙ የሞዴሉን ፊደል እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ፒኤ248ኪው የሚባል፣ «ቪ» የሌለው፣ ከ10 ዓመት በላይ በፊት የወጣ አሮጌ ወንድም አለው፤ ያገለገለ ሆኖ ከተገኘ የጀርባ መብራቱ ደክሞ ነጩ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ብር ከመቁጠርዎ በፊት በፍላሽ ይዘው የሄዱትን ሙሉ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ግራጫ ምስል በተራ ያስከፍቱ። የሞተ ፒክስል በአምስቱ ይገኛል፤ አንዱ ጎን ሮዝ ሌላው አረንጓዴ የሚል ስክሪን የሚጋለጠው በግራጫው ነው።