ኢጂአር ለማስደፈን ሄጄ አጽድቼ የተመለስኩበት ጋራዥ

ባለ 2.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር አባዱላዬ አቀበት ላይ ጉልበት እያጣ ጥቁር ጭስ ማብዛት ሲጀምር፣ ቃሊቲ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ የወሰድኩት ኢጂአር የሚባለውን፣ ከተቃጠለው ጋዝ ከፊሉን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ክፍል በላሜራ እንዲደፍኑልኝ ነበር። ዋናው መካኒክ ግን «ጌታዬ፣ መድፈኑ ቀላል ነው፤ አስቀድመን ፈተን እንየው» አሉኝ።

ሲፈታ ያየሁት አስደነገጠኝ። ጥላሸቱ ከዘይት ተን ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሬንጅ ስለጋገረ፣ የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ጣት የማያሳልፍ ሆኗል፤ የጋዙን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭም በግማሽ ተከፍቶ ደርቋል። መካኒኩ እንዳስረዱኝ፣ ተመልሶ የሚገባው ጋዝ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የቃጠሎ ሙቀት ስለሚቀንስ መርዛማው ናይትሮጅን ኦክሳይድ እንዳይበዛ ያደርጋል። ቢደፈን ግን ይህ ጋዝ በመንገደኛው ሳንባ ላይ ይጨምራል፣ ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተርም ጉድለቱን ካወቀ የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል፣ ጉልበትም ሊቀንስ ይችላል። ይህን በግልጽ የሚነግር ባለሙያ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚህ በፊት የሄድኩበት ሌላ ጋራዥ ምንም ሳይመረምር ሊደፍነው ተዘጋጅቶ ነበር።

ቫልቩንና የአየር ማስገቢያውን አጽድተው፣ በመጋጠሚያው ላይ ጋዝ እንዳያፈስ የሚያደርገውን ጋስኬት በአዲስ ቀይረው፣ የቫልቩን አከፋፈት በኮምፒውተር ካረጋገጡ በኋላ መኪናው ጭሱ ቀንሶ፣ አቀበቱንም እንደ ቀድሞው መውጣት ጀመረ። ቅሬታዬ በአንድ ቀን ይደርሳል የተባለው ሥራ ሁለት ቀን መፍጀቱና የክፍያ ደረሰኝ ለማግኘት ደጋግሜ መጠየቄ ነው።