ፓይተን ወይስ ጃቫስክሪፕት? ለጀማሪ የትኛው ይቅደም

ሁለቱም የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎች ለጀማሪ ይሆናሉ፤ ዋናው ልዩነት የሚታየው ስህተት ሲፈጠር ነው። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የተጻፈ «5» ለኮምፒውተሩ ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይደለም። በዚህ ላይ 3 ሲደመር ጃቫስክሪፕት ምንም ሳይል «53» ይመልሳል፤ 3 ሲቀነስ ግን ያንኑ ጽሑፍ ወደ ቁጥር ለውጦ 2 ይሰጣል። ፓይተን በሁለቱም ጊዜ ይቆምና ዓይነታቸው እንደማይጣጣም ከመስመሩ ቁጥር ጋር ይናገራል። ለዚህ ሲባል ብቻ እንኳ ፓይተን ቢቀድም እንመርጣለን፤ በዝምታ ያለፈ ስህተት ከመቶ መስመር በኋላ ብቅ ሲል ምንጩን ማግኘት ጀማሪን ተስፋ ያስቆርጣል።

ፓይተንም የራሱ ጣጣ አለው። የኮድ ክፍሎችን የሚለየው በቅንፍ ሳይሆን በመስመሩ መጀመሪያ በሚተው ክፍት ቦታ ነው፤ የተለመደው 4 ስፔስ ነው። ታብና ስፔስ ከተደባለቁ ፕሮግራሙ ላይነሳ ይችላል። ከተጠቃሚ የሚቀበለው ነገር ሁሉ፣ ቁጥርም ቢሆን፣ ጽሑፍ ሆኖ ስለሚገባ ከስሌት በፊት ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይሰናከላል።

ድረ ገጽ መሥራት ለሚፈልግ ግን ጃቫስክሪፕት ይሻላል። ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም፦ በኮምፒውተር ብሮውዘር ከፍቶ ኤፍ12ን መንካት፣ ኮንሶል የሚለውን መምረጥ፣ ከዚያ መጻፍ ነው። የገጹን ይዘት የሚያዋቅረው ኤችቲኤምኤልና መልኩን የሚወስነው ሲኤስኤስ ግን አብረው መጠናት አለባቸው። በጃቫስክሪፕት ሁለት ነገሮች እኩል መሆናቸውን ለማነጻጸር ደግሞ ከሁለት የእኩል ምልክት (==) ይልቅ ሦስቱን (===) መጠቀም ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ጽሑፉን «5» እና ቁጥሩን 5 እኩል ናቸው ይላሉ።