ከፍርድ ቤት እስከ ኤምባሲ፦ በደብረ ማርቆስ የአንዲት ትርጉም ቤት ግምገማ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ «ትርጉም፣ ፎቶ ኮፒ፣ የፓስፖርት ፎርም» የሚል ታፔላ ያላቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ ለሥራ ቅጥር ማመልከቻ ይበቃሉ። በጉዲፈቻ ያሳደጉትን ልጅ ይዘው ወደ ውጭ ለሚወጡ ቤተሰቦች ግን ፈተናው ሌላ ነው፤ ወረቀቱ ወራት ይቆያል፣ በመሐል የአንዱ ጊዜ ያልፋል፣ የሌላው ስም አይገጥምም። ይህችን ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ ያላት ጠባብ ቤት የገመገምነው በዚህ ዓይን ነው።

አንድ ነገር ቀድሞ ይጥራ። የውጭ ዜጎች ከኢትዮጵያ ልጅ በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ የተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. ከልክሏል። «በውስጥ እናስጨርሳለን» የሚል ጉዳይ ገዳይ ከመጣ ገንዘብዎን ይዘው ዞር ይበሉ። እዚህ የምናወራው እዚሁ አገር በፍርድ ቤት ስለጸደቀ ጉዲፈቻ ነው።

የቤቲቱ ትልቁ ጥንካሬ ገና ፎርም ሳትከፍት የምትጠይቀው ጥያቄ ነው፦ «ፍርድ ቤቱ ያጸደቀው መቼ ነው?» ጎጃም ውስጥ የእኅትን ወይም የወንድምን ልጅ ወስዶ ማሳደግ፣ የጡት ልጅ ማድረግም የቆየ ነገር ነው፤ የቀበሌ ደብዳቤ ግን ጉዲፈቻ አይሆንም። ወላጅ ልጁን በቤተሰብ ማመልከቻ ወደ አሜሪካ የሚወስድ ከሆነ የአገሩ ሕግ በጥቅሉ ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው ጉዲፈቻው እንዲጸድቅ፣ ከዚያም ሌላ የሁለት ዓመት ሕጋዊ አሳዳጊነትና የሁለት ዓመት አብሮ መኖር ይጠይቃል። ጊዜው ያልሞላለትን ሰው ቤቲቱ ፎርም አስሞልታ ብር አትቀበለውም። የትምህርት ቤት ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የቤት ኪራይ ውል እያጠራቀመ እንዲጠብቅ ነግራ ትሸኘዋለች። ይህን የሚያደርግ ጽሕፈት ቤት ብዙ አናውቅም።

የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ መቀየር ላይም ጎበዞች ናቸው። ብዙ ቦታ 7 ወይም 8 ዓመት ደምረው ቀኑን ከለመዱት ሠንጠረዥ ይገለብጣሉ። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያለው ቀን በአንድ ይገፋል። ጥምቀት አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ በ2012 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 20 ነበር። ስለዚህ ጥር 11 ቀን 2012 የተወለደ ልጅ ጃንዋሪ 19 ተብሎ ከተተረጎመ፣ ፓስፖርቱ ደግሞ 20 ካለ፣ በወረቀት ላይ ሁለት ልጅ ሆነ ማለት ነው። እዚህ ቤት የልደት ቀኑን ሁለት ሰው ለየብቻ ቆጥሮ ያስተያያል።

ላሚኔት ማድረጊያ አላቸው፤ የልደት ምስክር ወረቀትና የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዘው ሲመጡ ግን አናደርግም ይላሉ። ልክ ናቸው። ማረጋገጫ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ማኅተሙን በዋናው ወረቀት ላይ ነው የሚያሳርፈው፤ ፕላስቲክ ከለበሰ ማኅተም አይዝም፣ ሲላጥ ደግሞ የቀበሌው ማኅተም አብሮ ይነሳል። ያኔ እንደገና ወሳኝ ኩነት ቢሮ ሰልፍ ነው።

ድክመታቸው ስም ላይ ነው። ተርጓሚው በጆሮው እንደመጣለት ይጽፋል፤ አንድ «ፀሐይ» ልደቱ ላይ በአንድ ፊደል፣ ውሳኔው ላይ በሌላ ይወጣል። የሁሉንም ሰው ፓስፖርት ኮፒ ይስጡና «ከዚህ ቅዳ» ይበሉ። የልጁ ፓስፖርት ገና ካልወጣ ማመልከቻው ላይ የሚመርጡት አጻጻፍ ሁሉንም ይገዛል፤ መጀመሪያ እሱን ይወስኑ። ፍርድ ቤቱ የአባት ስም እንዲቀየር አዝዞ ከሆነ የልደት መዝገቡ ሳይስተካከል ትርጉም አያሠሩ፤ ድካሙም ብሩም ከንቱ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የትርጉሙ ማረጋገጫ ነው። ማኅተም ይመታሉ፣ ይፈርማሉ፤ ለአሜሪካ ግን ተርጓሚው ትርጉሙ ትክክልና የተሟላ መሆኑን፣ ራሱም የመተርጎም ብቃት እንዳለው በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ካልጠየቋቸው አይጨምሩም። ማኅተሙ ላይ ያለው ጽሑፍና በዳር በእጅ የተጻፈው ቁጥርም መተርጎሙን ያረጋግጡ። በውሳኔው ውስጥ «ስምምነቱ ከዚህ ጋር ተያይዟል» ከተባለ ስምምነቱም ይተርጎም፤ እነሱ የመጨረሻውን ትእዛዝ ብቻ መሥራት ይወዳሉ፣ ክፍያው በገጽ ሆኖ ሳለ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ፎቶ የሚነሣው ጎን ካለው ስቱዲዮ ነው፤ የአሜሪካ 5 በ5 ሳንቲ ሜትር፣ የሸንገን 35 በ45 ሚሊ ሜትር ብለው ካልለዩ የለመዱትን ጉርድ ይሰጡዎታል።

የሕክምና ቀጠሮ «ቶሎ ያዙ» የሚሉትን ምክር ግን አይስሙ። ለአሜሪካ የስደተኛ ቪዛ ምርመራው ብዙውን ጊዜ ለ6 ወር ነው የሚያገለግለው፤ ቪዛውም ከዚያ አያልፍም። ከ2 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ደም ይሰጣል፣ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ራጅ ይነሣል። ቀድመው አስመርምረው ቃለ መጠይቁ ከዘገየ ምርመራውም ክፍያውም እንደ አዲስ ነው። የኤምባሲ ቀጠሮው ሲታወቅ ይያዙት፤ የዓባይ በረሃ መንገድ ስለማይታመን አዲስ አበባ ሁለት ቀን ቀድመው ይግቡ።

መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፤ ጀነሬተር የላቸውም። ስካኑን በራስዎ ፍላሽ ይውሰዱ፣ ዋናውና ትርጉሙ በአንድ ፋይል ሆኖ። ኮምፒውተራቸው ላይ የቀረውንም ዓይንዎ እያየ ያስጠፉ፤ የልጅ ሰነድ ነው።