ኢንጂነሩ ያልቆጠራቸው አራት ክፍሎች

ለባንኩ የቤት ብድር አገልግሎት ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። የቤቱን ዋጋ ለገመተው ኢንጂነር ብቻ ቢሆን 5 ነበር።

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አምና የሚከራይ ቤት ልግዛ ብዬ ዳቶ ወረድኩ። ፊት ለፊት ዋና ቤት፣ ጓሮ አራት ሰርቪስ። ሻጩ 4.2 ሚሊዮን ብር አሉ። ደላላው በጣቱ ቆጠረልኝ፦ ሰርቪሶቹ እያንዳንዳቸው 2,800፣ ዋናው ቤት 9,000፣ በወር 20,200። «ቤቱ ራሱ ዕዳውን ይከፍላል እህቴ።» አምኜው አደርኩ።

የባንኩን ስም አልጠራም። ማመልከቻ አስገብቼ መልስ ያገኘሁት በአምስተኛው ወር ነው። በሄድኩ ቁጥር «በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ በዪ» ነው። ምክንያቱን የነገረኝ አንድ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮችን የብድር ዕድገት በዓመት 14 በመቶ ላይ ገድቦት ነበር፤ በ2017 ወደ 18 ከፍ አለ። ያኔ ባንኮች የሚያበድሩት በዚያ ልክ ነበር። ይህቺን ባንኩ በመጀመሪያው ቀን ቢነግረኝ አልናደድም ነበር። አንዱ ኮከብ የሄደው እዚህ ጋ ነው።

ኢንጂነሩ ሜትር ይዞ መጣ። ካርታውንና ፕላኑን አየ፣ ዋናውን ቤት ለካ፣ ጓሮ ዞረና ቆመ። «እነዚህ ፕላኑ ላይ የሉም እህቴ። ፈቃድ ከሌላቸው አልቆጥራቸውም።»

ከ20,200ው ውስጥ 11,200ው የሚመጣው ከእነዚያ ክፍሎች ነው! ደላላው ልጁ ልምድ የለውም ብሎ አጉረመረመ። ኢንጂነሩ ግን ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ባንክ ኪራይ አይገዛም። የሚያየው ቦታውንና የግንባታውን ወጪ ነው፣ ነገ በሐራጅ ቢሸጠው ስንት ያወጣል ብሎ። ፈቃድ የሌለውን ክፍል ደግሞ ማዘጋጃ ቤት አፍርሱ ሊል ይችላል። ግምቱ 2.6 ሚሊዮን መጣ። ባንኩ 70 በመቶውን፣ 1.82 ሚሊዮን ፈቀደ።

ያንን ይዤ ሻጩ ጋ ሄድኩ። «ልጄ፣ ያኔ ማን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር?» አሉ። ቡና ተፈላ፣ ሦስተኛው ሳይወርድ 3.7 ሚሊዮን ላይ ተስማማን። ለግምቱ የከፈልኩት 6,000 ብር ግማሽ ሚሊዮን አስቀነሰልኝ። የቀረውን 1.88 ሚሊዮን ከቁጠባዬ፣ ከእቁብና ከወንድሜ ሞላሁ።

አሁን ወደ ደላላው ሒሳብ እንመለስ። ወለዱ 17 በመቶ፣ ጊዜው 15 ዓመት፣ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 28,000 ብር። ክፍሎቹ ሁሉ ቢሞሉ እንኳ በየወሩ 7,800 ከሱቄ አወጣለሁ። የኪራይ ገቢ ግብርና ኢንሹራንሱ ሳይቆጠር ማለት ነው። ኢንሹራንሱንም «አብረን ከምንሠራው ድርጅት ብቻ» ብለውኛል፤ ሁለተኛው ኮከብ በዚህ ቀረ።

ክፍሎቹ ሁሌ ይሞላሉ ብዬም አላስብም። የጎረቤቴ እትዬ ታሪካቸውን አጫውተውኛል። አሜሪካ ከታህሳስ 23፣ 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ዕቃ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስታስወጣ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሥራ ቀነሰ። ክፍል ተጋርተው የሚኖሩ ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ገቡ። የእትዬ ሁለት ክፍል ለወራት ተቆልፎ ከረመ። ስለዚህ እኔ የምቆጥረው ሦስት ሰርቪስ ብቻ ነው፣ አራተኛው እንደሌለ።

ታዲያ ለምን ገዛሽ የሚለኝ አይጠፋም። ሐምሌ 22፣ 2016 የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ ባንክ ያለው ብሬ ዋጋው እንዴት እንደወረደ አይቻለሁ፤ ከብር ቤት ይሻላል ብዬ ነው።

አሁን ለሰርቪሶቹ ፈቃድ ለማውጣት ማዘጋጃ ቤት እየተመላለስኩ ነው። ሁለቱ ከአጥሩ ጋር ተጣብቀው ስለተሠሩ ሊፈርሱ ይችላሉ ተብያለሁ። የአንደኛው ተከራይ እስከ ፋሲካ ጠብቂኝ ብላኛለች።